ከድንጋዩ ወዲያ የተቀመጠችው አክስቴ

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከምኖርበት ሕንጻ ትንሽ ዝቅ ብሎ የአረጋውያን መሰብሰቢያ አለ። ሁላችንም ሞአዶን ነው የምንለው። ማክሰኞ ጠዋት እየሄድን ሻይ እንጠጣለን፤ በእጃችን የምንሠራው ነገርም ይሰጠናል። ዘንድሮ ጥልፉ ቀርቶ ሸክላ ይሁን ተባለ። ሺራ የምትባል ወጣት አስተማሪ ጭቃውን በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችው። ሲፈታ ምንም አይሸትም ነበር። ውኃ ሲነካው ግን ሽታው ተነሣ፤ እኔም ልቀመጥበት የሳብኩትን ወንበር እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ሺራ ጭቃ እንዴት እንደሚድቦለቦል ልታሳየን ጀመረች። አጠገቤ የምትቀመጠው አወቀች ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «ይች ልጅ ለኛ ጭቃ ልታስተምር ነው» አለች።

ከማዶ የተቀመጠችው ሴት፣ «ተያት፣ እንጀራዋ ነው» አለቻት።

አማርኛ የማትሰማው አስተማሪ ያመሰገንናት መስሏት ፈገግ አለች።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ሥራውን ያዘ። ታቹን አደላደለ፣ ግድግዳውን አቆመ፣ ከንፈሩን ወደ ውጭ አጠፈው። አወቀች የራሷን ትታ የእኔን ታይ ነበር።

«አንች፣ ይኼን ማን አስተማረሽ?»

«ምኑን?»

«አፉን ነዋ። የኛ ሰው እንዲህ አያጥፍም።»

መልሱ አንድ ስም ነበር። ስሙን ከጠራሁ ግን የሚከተለውንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። አወቀች የኛ የቤተ እስራኤል ቄስ ሚስት የነበረች፣ ሰንበትን ከነሙሉ ወጓ የምትጠብቅ ሴት ናት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከልጆቼ ሌላ በሬን የምታንኳኳ እሷ ብቻ ናት። ወደ ሰፈሯ ወደ ሮቫ ሄ የሚወስዳት አውቶቡስ ሊደርስ ነው ተባለና ተነሣች። እኔም ቤቴ ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ቆየሁ።

ያን አጣጠፍ ባየሁበት ዓመት ስንት ዓመቴ እንደነበር አላውቅም። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር፤ ከዚያ ተነሥቼ እገምታለሁ። መንደራችን ከጎንደር ወዲያ፣ በአንድ ሸንተረር ላይ ነበረች። ታች ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ክርስቲያኖች ይኖራሉ። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ክርስቲያኖቹ ማረሻውንና እንስራውን ይገዙናል፤ ግን አንነካካም። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ወንዙ ውስጥ ከነልብሷ ሳትነከር ቤት አትገባም ነበር። ለእኔ ይህ እግር እንደመታጠብ ያለ ነገር ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን አክስቴ ትብለጥ መጣች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሩቅ አገር አግብታ ባሏ ሞተባት፤ ከዚያም የውጭ ሰዎች የከፈቱት ትምህርት ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያን ቀን ያየሁት፣ አንዲት ቀጭን ሴት ብርድ ልብስ ታቅፋ ከግቢያችን በታች ቆማ ነው። እናቴ ወደ እሷ ሮጠችና ልትደርስ ስትል ቆመች። ሁለቱ እየተያዩ አለቀሱ፤ አልተቃቀፉም። አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ወጥተው አዩዋት። ጎንበስ ብለው ድንጋይ እየለቀሙ ከግቢው በታች ደረደሩ። ከድንጋዩ ወዲያ ትንሽ ጎጆ ተሠራላት።

መንደራችን ውስጥ ሴቶች በመርገማቸው፣ ማለትም በወር አበባቸው ወቅት የሚቀመጡበት ጎጆም እንዲሁ በድንጋይ የተከበበ ነበር። ስለዚህ የአክስቴንም እንደዚያ ቆጠርኩት። ጊዜው ሲረዝምብኝ ግን እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የአክስቴ መርገም መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ጭቃሽን እርገጭ» አለችኝ።

የዚያ ዓመት ሥራዬ ጭቃ መርገጥ ነበር። አፈሩ መንደሩ ሁሉ ከሚቆፍርበት ጉድጓድ ይመጣል። ይደርቃል፣ ይደቃል፣ ከተፈጨ ገል ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ውኃ ፈስሶበት እኔ እገባበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ይወጣ ነበር። በጣቶቼ መሐል እየተጠማዘዘ የሚወጣው ጭቃ እንደ ዝናብም እንደ ብረትም ይሸታል። ጭቃው ልሞ ሲደርስ ሽታው ይለወጣል፤ እናቴ በአፍንጫዋ ነበር የምታውቀው።

አባባ አንድ ነገር ፈርደው ነበር። ጭቃ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ዕቃ አይደለም፤ ዕቃ ያልሆነ ነገር አይረክስም። ስለዚህ እናቴ እንስራውን እስከ ትከሻው ትሠራውና እኔ ተሸክሜ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አክስቴ ከወዲያ በኩል አንሥታ አንገቱንና አፉን ትጨርሰዋለች። ከንፈሩን ወደ ውጭ ማጠፍ እሷ ከሩቅ ይዛው የመጣችው ነው። በእሳት ከተተኮሰ በኋላ ግን እሷ የነካችው ሸክላ ቤታችን አይገባም፤ ለገበያ ብቻ ነው። ብረት ቢረክስ እሳት ገብቶ ይነጻል። ሸክላ ግን ከረከሰ ይሰበራል።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ቀትር ላይ አክስቴ ጭቃ እያበጀች ሲያልባት አየሁና ከቤት በማሰሮ ውኃ ወሰድኩላት። «መልሽው» አለችኝ። ጠምቷት እንደነበር ከከንፈሯ አየሁ። ማሰሮውን እጇ ላይ አስያዝኳትና ጠጣች። እናቴ ከበር ቆማ አየችን። አልተቆጣችም። አክስቴ ማሰሮውን መሬት ላይ ስታስቀምጠው፣ እናቴ በእጇ ሳትነካው በእንጨት ገፍታ ከድንጋይ ጋር አጋጭታ ሰበረችው። ራሷ የሠራችው ማሰሮ ነበር። ከዚያ በኋላ አክስቴ ውኃ የምትጠጣው እኔ ከላይ እያፈሰስኩላት በእፍኟ ሆነ። ውኃው ግማሹ በክንዷ ላይ እየወረደ መሬት ላይ ይቀራል።

እኔም በልቤ ይህ መርገም አይደለም፣ በሽታ ነው አልኩ። በገበያ መንገድ ላይ ቁምጥና የያዘው ሰው ሲለምን አይቻለሁ፤ ለእሱም ሰው የሚሰጠው ራቅ ብሎ ነበር። ደግሞ አክስቴ ከልብሷ ሥር፣ ከአንገቷ ላይ ጥቁር ክር ታስራለች። ክርስቲያኖቹ የሚያስሩት ማተብ መሆኑን አላስተዋልኩም፤ የበሽታው መድኃኒት መሰለኝ።

«አክስቴ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኳት።

እጇን ክሩ ላይ አደረገች። ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ወደ ቤታችን አየችና ዘጋችው።

«ጭቃውን አምጪ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አክስቴ መጠመቋን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከአፏ የሰማ ግን የለም። እሷ ዝም እስካለች ድረስ ሽማግሌዎቹም ዝም ይላሉ፤ ከአፈሩ ጉድጓድ ትወስዳለች፣ ከእህቷ ጋር ትሠራለች፣ ከአባቷ ግቢ በታች ታድራለች። ከተናገረች ይህ ሁሉ ይቀራል። ያን ጊዜ ይህን የነገረኝ የለም፤ እኔ ያየሁት አፏን ከፍታ ስትዘጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ አየሁት።

ሐሙስ ገበያ ነበር። የኛ መንደር ሴቶች በአንድ ተርታ ይቀመጣሉ፤ አክስቴ ከተርታው ጫፍ፣ ከእናቴ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። አንዲት ክርስቲያን ሴት ከእናቴ ፊት እንስራ አንሥታ በጣቷ አንኳኳች። ድምፁን ወደደችው። አብራት የነበረችው ሴት ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ አንች። የቡዳ እጅ ነው። ሕፃን ልጅ አለሽ።»

ሴትዮዋ እንስራውን እንደሚያቃጥል ነገር አስቀመጠችው። እናቴ የራሷን እግር ታይ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ሲሏት እግሯን ነው የምታየው፤ እኔ ደግሞ የሆነ ነገር የጠፋት ይመስለኝና አብሬ መሬቱን እፈልግ ነበር።

ሴትዮዋ ወደ አክስቴ ዞረች። አክስቴ ዕቃ ለማስተካከል ጎንበስ ስትል ክሩ ከልብሷ ወጥቶ ነበር።

«አንችማ የኛ ሰው ነሽ። ክርስቲያን አይደለሽ? ያንችን ልይ።»

አክስቴ ክሩን መልሳ ከተተችው። ዝም ብላ ብትሸጥላት ማንም ምንም አይላትም ነበር። የኛ ሴቶች በተርታው ሁሉ ሥራ የያዙ መስለው ያዳምጣሉ። አፏን ከፈተች። ወደ እናቴ አየች። አሁን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ነኝ» አለች። «ክርስቲያን ነኝ። ያን እንስራ ታቹን የሠራችው እሷ ናት፣ አፉን እኔ ነኝ። እህቴ ናት።»

«ምንሽ?»

«እህቴ። የአንድ እናት ጡት ነው የጠባነው። እኔ ያመንኩት ጌታም ወገኖቹ እነዚህ ናቸው። እናቱ ከነዚህ ናት። እህቴን ቡዳ ስትይ እናቱን መስደብሽ ነው።»

«በስመ አብ» አለች ሁለተኛዋ ሴት። «ይችስ አብዳለች። ነይ እንሂድ።»

ሄዱ። ቆይታ የመጀመሪያዋ ሴት ብቻዋን ተመልሳ ያንኑ እንስራ ገዛች፤ እናቴን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። አክስቴ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር።

ስንመለስ እናቴ ወንዙ ውስጥ ተነከረች። አክስቴ ከላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። እናቴ ከነውኃዋ ቆማ፣ «ባትናገሪ ምን ነበር?» አለቻት። «ሁሉም ያውቅ ነበር እኮ።»

«ያውቃሉ። ከእኔ ግን አልሰሙም።»

«አሁን አባባ ይሰማሉ።»

«ለክርስቲያኖቹ እህቴ ናት ብዬ፣ ለአባቴ ክርስቶስ ጌታዬ ነው ሳልል ልቅር? በሁለቱም በኩል ግማሽ ሰው ሆንኩ እኮ፣ እቴ።» ከዚያ፣ «ፈርቻለሁ» አለች።

በማግስቱ አባባ ከሚቀጠቅጡበት ዳስ መዶሻ ይሰማ ጀመር። ማረሻ ሲሠሩ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ከባድና ዝግ ያለ ነው። ይኼኛው ቀላልና ፈጣን ነበር። ምሳ አምጡልኝ አላሉም። ወናፍ እንድነፋ እንኳ አልጠሩኝም። ወደ በሩ ጠጋ ስል፣ «ሂጅ ከዚህ» አሉኝ። በፍም ብርሃን ያየሁት አንድ ቀጭን ብረት ነው። ቢላ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ ለማን እንደሆነም።

ሮጬ ለአክስቴ ነገርኳት።

«ቢላ እየሠሩልሽ ነው። ሂጅ።»

ፊቷ ተለወጠ። መዶሻውን አዳመጠች። እናቴም ከድንጋዩ ወዲህ ቆማ፣ በሌላ ምክንያት፣ ያንኑ ነገር ለመነቻት። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት ሊሰበሰቡ ነው፤ ከዚያ በፊት ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም፣ ለመንገድ የሚሆን ስንቅም አዘጋጅታላታለች። አክስቴ ስንቁን አየችው።

«ቢጠሩኝ እዚህ ያገኙኛል» አለች።

እሑድ ጠዋት መጡ። የመንደራችን ቄስ ነጭ ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ ከድንጋዩ ወዲህ ተቀመጡ፣ የእናቴ አጎቶች በግራና በቀኝ። አባባ ከሁሉም ወደ ኋላ ቆመው ነበር። እጆቻቸውን አየሁ፤ ባዶ ነበሩ። አክስቴ ከወዲያ ቆመች። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ትብለጥ፣ በገበያ እንዲህ አልሽ ተብለናል። ሰው ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አላልኩም ካልሽ፣ አላለችም ብለን እንነሣለን። እንደነበርሽ ትኖሪያለሽ።»

እናቴ ራሷን እየነቀነቀች ነበር፣ አላልኩም በይ እንደማለት።

«ብያለሁ» አለች አክስቴ።

ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አሻግራ አባቷን አየች። «አባባ፣ ኦሪትን ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። አልተውኩትም። ባሌ በሞተ ጊዜ ሬሳውን የምገንዝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሬሳ ነክቻለሁና ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ሥርዓቱ ነው፣ ሥርዓቱን አልነቅፍም። ቀኑ ካለቀም በኋላ ግን የሚጠጋኝ አጣሁ፤ የባሌ ዘመዶች ለባሏ ሞት ምክንያት የሆነች ገፊ ናት አሉኝ። ያን ጊዜ ነው፣ ወጥ በምሠራበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ጌታዬ የሰማሁት። አንድ ለምጻም ሰው መጣ፣ ብትወድ ልታነጻኝ ትችላለህ አለው፣ እሱም እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው ብለው ነገሩኝ። በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር። ግን ነካው። ይኼን ስሰማ አመንኩ። መሲሑ እሱ ነው። ከእንግዲህ ዝም ብዬ በአንቱ ደጅ መኖር አልችልም።»

እኔ የገባኝ ሌላ ነበር። ለምጻሙ እሷ መሰለችኝ፤ እንግዲያ በሽታው ድሮ ለቋታል፣ ድንጋዩም ሊነሣ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ይኼን ለልጆቻችን ታስተምሪያለሽ?» አሉ ቄሱ።

«ካልጠየቁኝ ጭቃዬን እሠራለሁ። ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

ቄሱ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ከአፈሩ ጉድጓድ እንዳትወስድ፣ ከእህቷ ጋር እንዳትሠራ፣ ከመንደሩም ወጥታ እንድትኖር ፈረዱ። ሲፈርዱ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። አባባ፣ «ሰማሁ» አሉ። ለቄሱ ይሁን ለልጃቸው አልታወቀም። ዞረው ወደ ዳሱ ሄዱ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ።

አባባ ይዘውት የተመለሱት ነገር ቢላ አልነበረም። እጀታ ያለው የብረት ኩባያ ነው። ከአሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ የሳሳ፣ የመዶሻው ጠባሳ በዙሪያው የሚታይ። አባባ ድንጋዮቹ መሐል ሰፋ ያለውን መርጠው እላዩ ላይ አስቀመጡት።

«ብረት ነው» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «እሳት ያነጻዋል። ስትመጣ የምትጠጣበት ነው።»

ቄሱ አልከለከሉም። አክስቴ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ግንባሯን አስነካችውና መልሳ እዚያው አስቀመጠችው። በማግስቱ ብርድ ልብሷን ይዛ ሄደች።

ገበያው ዳር ቤት ተከራይታ፣ ራሷ ካገኘችው አፈር ትሠራ እንደነበር ሰማን። ዝናቡ ሳይገባ አንድ ቀን መጣች። ድንጋዩ አልተነሣም ነበር። እኔ ኩባያውን ሞላሁላት፤ እስከ ታቹ ጠጣችው፣ ውኃው በክንዷ ላይ አልፈሰሰም። አባባ በዳሳቸው በር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር፤ እሷ ጠጥታ ስትጨርስ ወደ ውስጥ ገቡ። እሷ ስትሄድ ኩባያውን በፍም ውስጥ ከትቶ እስኪቀላ መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ጭቃ ከመርገጥ ይልቅ ይኼን ወደድኩት።

በሌላ ጊዜ ስትመጣ ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ ለምጻሙን የነካው ሰውዬ ማን ነው?»

ወደ ቤታችን አየች። ከዚያ ወደ እኔ።

«ጠየቅሽኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ተቀመጪ» አለችኝ። ከድንጋዩ ወዲህ፣ በራሴ በኩል ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ እዚህ አይገባም። ያን ቀን የሰማሁትን እስከ ዛሬ እንደማምነው ብቻ ልናገር። አሽዶድ ከመጣሁ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም እጄን ሥራ ላይ አድርጌ ኖርኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሺራ ሥራችንን ከላስቲኩ ፈታችው። እንዳይደርቅ ሸፍናው ስለነበር ገና ለስላሳ ነው። አወቀች ሻይዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የባለፈውን አልመለስሽልኝም እኮ» አለች። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

ሥራዬን ወደ ጎን ገፋ አደረግኩ።

«አክስቴ ትብለጥ ናት» አልኩ። «በክርስቶስ አምና ነበር፤ ለአባቷ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ከሷ ነው የሰማሁት። እኔም አምኛለሁ፣ አወቀች። ጠይቀሽኝ ነው የምነግርሽ።»

አወቀች አላየችኝም። የሻይ ብርጭቆዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው፤ ቦታ ለማስፋት ይሁን በሌላ ምክንያት አላወቅሁም። ከማዶ ያሉት ሴቶች ስለ አውቶቡስ መዘግየት እያወሩ ይስቃሉ። አወቀች የራሷን ማሰሮ በእጇ አዞረች፣ አፉን በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

ከዚያ አንሥታ በመካከላችን አስቀመጠችው።

«ይኼ አፉ ጠመመብኝ» አለች። «እስቲ አንች ያዥልኝ።»

ያዝኩላት። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር፤ ዕቃ አልሆነም።